ሦስት ጽሕፈት በአንድ መስኮት

በሐረር ከተማ ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ በሚወስደው አስፋልት ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ አንድ አባት የልጃቸውን የሠርግ ጥሪ ካርድ ሊያሠሩ ተቀምጠዋል። የሚፈልጉትን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከላይ ቢስሚላህ በዐረብኛ፣ ከሥሩ ጥሪው በሐረሪ ቋንቋ በፊደል፣ በጀርባው ለሙሽራው ዘመዶች በአፋን ኦሮሞ በቁቤ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ስላሉ ቀኑና ቦታው በአማርኛም መግባት አለበት። ለታላቅየዋ ልጃቸው ሠርግ የተሠራው ካርድ በፍላሽ ተቀምጦ ስለነበር እሱኑ ይዘው መጥተዋል፤ ስምና ቀን ቀይሮ ማተም ብቻ መስሏቸዋል።

ፋይሉ ሲከፈት ዐረብኛው በቦታው አለ። ቁቤውም ይነበባል። ፊደሉ በነበረበት ቦታ ግን መልክ የሌለው የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የቃለ አጋኖ ዝብርቅ ተደርድሯል።

«ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አባባ፣ ጽሑፉ አልጠፋም። ያኔ የተጻፈበት የድሮ ፎንት እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም። አዲስ እንጽፈዋለን፣ አይጨነቁ።»

ወንድ ልጃቸው አዲሱን የጥሪ ቃል በቴሌግራም ላከ። በቴሌግራሙ መስኮት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ ቀድታ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕልና የካርድ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ስትለጥፈው እዚያም ሳጥን ሆነ፤ እነዚህኞቹ ሳጥኖች ግን ባዶ አይደሉም፣ በውስጣቸው ደቃቅ ቁጥሮች አሉባቸው። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። የቀድሞው ዊንዶውስ በቫይረስ አላሠራ ስላለ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር የሰፈር ልጅ ዴቢያን ሊኑክስን ኤክስኤፍሲኢ ከተባለው ቀላል ዴስክቶፕ ጋር ጭኖላት ነበር። ተደወለለት። ከሰዓት በኋላ መጣ።

ልጁ መጀመሪያ ያያቸው ባለ ቁጥሮቹን ሳጥኖች ነው። «ሐረር» ከሚለው ቃል የመጀመሪያው ሳጥን ከላይ 12 ከታች 10 ይላል፣ ሁለተኛው ከላይ 12 ከታች 28። 1210 የ«ሐ»፣ 1228 የ«ረ» የዩኒኮድ መለያ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደሉን በትክክል ያውቀዋል ማለት ነው፤ የጎደለው የሚሥልበት ፎንት ነው። በፍላሹ ላይ ከነበረው የድሮ ፋይል የሚለየውም ይኸው ነው። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን በመሰሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ፣ ለማሽኑ የላቲን ፊደል ሆኖ ተቀምጦ ለዓይን ብቻ ግዕዝ የሚመስል ነበር። ፎንቱ ሲነሣ የላቲኑ ዝብርቅ ይቀራል። እነዚያ ሶፍትዌሮች ሌላ አማራጭ ባልነበረበት ዘመን የአገሪቱን ቢሮና ማተሚያ ቤት ያሠሩ ናቸው፤ ውለታቸውን አልዘነጋም። ግዕዝ በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነው ሦስተኛው እትም፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ ወዲህ «ሐ» የትም አገር፣ በየትኛውም ማሽን 1210 ነች።

ሳጥኖቹን የሣላቸው ማን ነው? ኢንክስኬፕን የጻፉት ሰዎች አይደሉም። አንድ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው አዝራሩን፣ ሜኑውን፣ የጽሑፍ መጻፊያ ሳጥኑን ከባዶ አይፈጥርም፤ ተዘጋጅቶ ከሚጠብቀው የመስኮት መሥሪያ ስብስብ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ከቱልኪት፣ ይወስዳል። በመኪና ግርግር ጎዳና ዳር በስፌት መኪናቸው የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ጨርቁን ራሳቸው እንደማይሸምኑት ነው። ኢንክስኬፕ የተሰፋበት ጨርቅ ጂቲኬ ይባላል፤ የኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕም የተሠራው በእሱ ነው። ቴሌግራም በዴስክቶፕ ላይ የቆመው ደግሞ ኪዩት በተባለ ሌላ ስብስብ ላይ ነው። አንዱ ባዶ ሳጥን፣ ሌላው ባለ ቁጥር ሳጥን ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

የጂቲኬ አመጣጥ ከሥዕል ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ጊምፕ የተባለውን የፎቶ ማረሚያ መሥራት ያዙ። የመጀመሪያው ጊምፕ የቆመው ሞቲፍ በተባለና ባለቤት ባለው የንግድ ስብስብ ላይ ነበር። ማቲስ በዚህ ስላልተስማማው የራሱን ስብስብ ጻፈ፤ ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው እንዲችል በነጻ ፈቃድ ወጣ። ዛሬ ያው አንድ የፕሮግራም ጽሑፍ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስና በማክ ላይ ይሠራል። ከታች ያለው ንብርብር ከየስርዓተ ክወናው ጋር በየቋንቋው ይነጋገራል፣ ከላይ ያለው አዝራርና ሜኑ ግን አንድ ነው። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ ካርዱን በሊኑክስ ሠርታ ዊንዶውስ ወዳለው ማተሚያ ቤት ብትወስደው እዚያም ኢንክስኬፕ ይከፍተዋል።

ለእኛ የሚበልጠው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2002 ከወጣው ጂቲኬ 2.0 ጋር ነው። ከዚያ በኋላ በውስጡ የሚያልፈው ጽሑፍ ሁሉ ዩኒኮድ ሆነ፤ ጽሑፍ የሚደረድረውም ፓንጎ የተባለ ክፍል ገባ። ፓንጎ አንድ መስመር ጽሑፍ ሲሰጠው በየጽሕፈት ዓይነቱ ይቆራርጠዋል። በሠርግ ካርዱ ላይ ያለውን ግዕዝ ለብቻ፣ ዐረብኛውን ለብቻ፣ ላቲኑን ለብቻ ይለያል፤ ለየአንዳንዱ የሚሆን ፎንት እንዲፈለግ ያደርጋል፤ ከዚያ ቅርጽ የሚያወጣው ሃርፍባዝ የተባለ ክፍል የዐረብኛውን ፊደላት እንደ አገባባቸው ያያይዛል። ፎንት የሚፈልገው ደግሞ ፎንትኮንፊግ የተባለ ሌላ ነው። ጽሑፍ በመስኮት ላይ ከመታየቱ በፊት ይህን ሁሉ እጅ ያልፋል። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሰንሰለት አይታየውም። ሐረር ላይ ግን አንዱ ካርድ ሰንሰለቱን በሙሉ ያንቀሳቅሰዋል።

ልጁ ሁለት ፎንት ጫነ፤ አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ሳጥኖቹ ጠፉ፣ አባትየው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሥራው ግን ያን ጊዜ ነው የጀመረው። አቢሲኒካ የብራና ጸሐፊዎችን የእጅ ጽሕፈት ተከትሎ የተሠራ ነው፤ በካርድ ላይ ያምራል። በሜኑና በአዝራር ላይ ግን ቁመቱ ይበዛል፣ መስመሩን ያሰፋዋል። ሁለቱም በተጫኑበት ማሽን ላይ ፎንትኮንፊግ የትኛውን እንደሚያስቀድም ካልተነገረው ባልታሰበው ቦታ ያልታሰበውን ያመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው፣ በዴስክቶፑ ማስተካከያ ገብቶ ጠቅላላውን የመስኮት ፎንት ወደ ግዕዝ ፎንት መቀየር ነው። ያን ጊዜ ቁቤውና እንግሊዝኛውም ከዚያው ፎንት ለመምጣት ይገደዳል፤ የግዕዝ ፎንት በላቲን በኩል ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። የሚሻለው መንገድ የመስኮቱን ፎንት እንዳለ ትቶ፣ በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ ለፎንትኮንፊግ አጭር ፋይል መጻፍ ነው፤ ለመስኮት ጽሑፍ ግዕዝ ሲያጋጥምህ ኖቶን አስቀድም፣ አቢሲኒካን ስጠራህ ብቻ አምጣ የሚል። ልጁ ያደረገው ይህንን ነው። ፕሮግራሞቹን ዘግቶ ሲከፍታቸው ሜኑው ተስተካከለ።

ቀጥሎ ኪቦርድ። በዚህ ነገር ውስጥ ለአማርኛ አንባቢ ሊነገር የሚገባ ታሪክ አለ። ጂቲኬ 2 ሲወጣ ከራሱ ውስጥ አማርኛና ትግርኛ መጻፊያ ይዞ ነበር የወጣው፤ ትግርኛው ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ለየብቻ። በእነዚያ ፋይሎች ራስጌ ላይ ከሬድ ሃቱ ባለሙያ ከኦወን ቴይለር ጋር የዳንኤል ያዕቆብ ስም ሰፍሯል። ዳንኤል ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ዓለም ለማስገባት ለብዙ ዓመታት የደከመ ሰው ነው፤ ከይትና ፍርድይወቅ ጋር የግዕዝን ጽሕፈት በላቲን ኪቦርድ የመጻፍ ሥርዓት የሆነውን ሴራን አዘጋጅቷል። በብዙ ሚሊዮን ማሽኖች ላይ በተጫነ ስብስብ ውስጥ፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይጨምር፣ በጽሑፍ ሳጥኑ ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጎ አማርኛን መምረጥ ይችል ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ታላላቅ ቋንቋዎች ሁሉ ባላገኙት ቦታ አማርኛና ትግርኛ ተቀምጠው ነበር፤ ያስቀመጣቸውም አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ ስለጻፋቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የወጣው ጂቲኬ 4 እነዚህን ውስጣዊ መጻፊያዎች አስወጥቷል። ምክንያቱ ጥላቻ ወይም ቸልታ አይደለም፤ ኪቦርድ የእያንዳንዱ ፕሮግራም ሳይሆን የመላው ዴስክቶፕ ጉዳይ ይሁን የሚል አሠራር ነው። በሊኑክስ ይህን ሥራ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አይባስ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ኪማንም ለአማርኛ በነጻ የሚገኝ ኪቦርድ አለው። አሠራሩ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ዋጋ አለው። ከዚህ በኋላ አማርኛ ራሱ መጥቶ አይጠብቅህም። አንድ ሰው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ማሰናዳት አለበት።

በዚያ ከሰዓት የሆነውም ይህ ነው። አይባስ ተጫነ፣ የአማርኛው መጻፊያ ተጨመረ፣ በኢንክስኬፕ ላይ ፊደሉ እንደ ልብ መጻፍ ጀመረ። ልጅቱ ለወንድምየው በቴሌግራም «ደርሶናል» ብላ ልትመልስ ስትል ግን የሚወጣው ላቲን ነው።

«እዚያ ይጽፋል፣ እዚህ አይጽፍም፤ አበላሽተኸው ይሆን?»

«አልተበላሸም። ያኛው ጂቲኬ ነው፣ ይኼኛው ኪዩት። ለአንዱ ብቻ ነው የነገርኩት።»

እያንዳንዱ ስብስብ የትኛውን መጻፊያ እንደሚያዳምጥ የሚያነበው ተጠቃሚው ሲገባ ከሚነሣ የራሱ የቅንብር መስመር ነው። ለጂቲኬ አንድ፣ ለኪዩት አንድ፣ ለድሮዎቹ ፕሮግራሞች ሌላ አንድ። ሦስቱም አይባስ ብለው መሞላት አለባቸው፤ ከዚያ ወጥቶ መግባት። እንደ ጂኖም ባሉ ትላልቅ ዴስክቶፖች ላይ ይህ በራሱ ይሠራል። ለአሮጌ ማሽን በሚመረጡት ቀላል ዴስክቶፖች ላይ ግን በእጅ መሞላት አለበት። ከዋና ከተማ ርቆ ባለ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው አሮጌ ማሽን ስለሆነ፣ ይህ ሦስት መስመር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በየከተማው ቢኖር ብዙ ቢሮ ከብዙ ድካም ይድናል።

የመጨረሻው ችግር በዐረብኛው መስመር ላይ መጣ። አባትየው ከቢስሚላህ ሥር በአንድ መስመር የቤተሰቡን ስም በፊደል፣ ከጎኑ ዱዓ በዐረብኛ እንዲሆን ፈለጉ። የቃላቱ ቅደም ተከተል ተገለባበጠ፤ ነጠላ ሰረዙ ወደ ተሳሳተው ጫፍ ሄደ። ፓንጎ የአንቀጹን አቅጣጫ የሚወስነው በመጀመሪያ ከሚያገኘው ፊደል ነው። ፊደሉ ቀድሞ ስለመጣ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረው፣ ዐረብኛውን በመሐል እንደገባ እንግዳ አስተናገደው። መስመሩን ለሁለት ከፍለው አቅጣጫውን ለየብቻ ሲሰጡት ተስተካከለ። ለመላው መስኮት አቅጣጫ የሚሰጠው ደግሞ ቋንቋው ራሱ ነው። በጂቲኬ ትርጉም ፋይል ውስጥ ተርጓሚው «አቅጣጫው ከግራ ወደ ቀኝ» የሚለውን አንድ መስመር ብቻ ቢቀይር አዝራሩም፣ ሜኑውም፣ መንሸራተቻውም ወደ ሌላው ወገን ይዞራል። ለዐረብኛ ይህ ተደርጓል።

ይህንን ሁሉ ቀረብ ብዬ ስከታተል፣ ሐረር ላይ ሦስት ጽሕፈት በአንድ ገጽ መኖሩ የሠርግ ካርድ ፋሽን አለመሆኑን አንባቢ እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሳጠረው በጁገል ግንብ ውስጥ መጽሐፍ መጻፍና መጠረዝ የታወቀ ሙያ ነበር። በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ከሚያስጎበኛቸው ሀብቶች ውስጥ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ዋናዎቹ ናቸው። ሐረሪ ራሱ ለረጅም ዘመን በዐረብኛ ፊደል ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው ሪቻርድ በርተን በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፉ ላይ የሐረሪን ሰዋስውና ቃላት በአባሪነት አያይዟል፤ እሱ የጻፈው በላቲን ነው። ዛሬ ሐረሪ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ሥራ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፣ የከተማው ሰው አማርኛም ይናገራል። አንድ የክልሉ ጸሐፊ በቀን ውስጥ በሁለት ጽሕፈት ይሠራል፤ የመስጊድ ወይም የመድረሳ ጉዳይ ከመጣ በሦስት።

ፎንቱ ተገኘ፣ ኪቦርዱ ተገኘ። ታዲያ ምን ቀረ? መስኮቱ ራሱ በሐረሪ አይናገርም። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከጽሕፈት ቤቷ ማሽን ያልፋል።

በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች ሁሉ ስለ ቋንቋና ስለ አገር ልማድ የሚጠይቁት ጂሊብሲ የተባለውን መሠረታዊ ክፍል ነው። በውስጡ ለየቋንቋው አንድ ፋይል አለ፣ ሎኬል ይባላል። የሳምንቱ ቀናት ስም፣ የወራት ስም፣ የቀን አጻጻፍ፣ የገንዘብ ምልክት፣ አዎና አይደለም የሚባልበት ቃል በዚያ ይቀመጣል። አማርኛ አለ፤ አፋን ኦሮሞ አለ፤ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ግዕዝም ሳይቀር አለ። ከእነዚህ ብዙዎቹን እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ አዘጋጅቶ የሰጠው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ በአፋን ኦሮሞው ፋይል ላይ ሰገሌ ኦሮሞ የተባለ አሳታሚ አብሮ ተጠቅሷል። ሐረሪ የለም። ዓለም አቀፍ የቋንቋ መለያ አለው፣ ባለ ሦስት ፊደል፣ «ኤች ኤ አር»፤ በመለያው የሚጠራ ሎኬል ግን የለም። ስለዚህ በማስተካከያው መስኮት ላይ ቋንቋ ምረጥ ሲባል ሐረሪ በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

ለዚህ ጊዜያዊ መንገድ አለ፣ ከቱልኪት ማሰናዳት ሁሉ ይበልጥ ለሐረር የሚጠቅመውም ይኸኛው ይመስለኛል። ጂቲኬ የሜኑ ቃላትን የሚያመጣው ጌትቴክስት በተባለ የትርጉም ሥርዓት ነው። ጌትቴክስት የቋንቋ ቅደም ተከተል ሊነገረው ይችላል፤ መጀመሪያ ሐረሪን ፈልግ፣ ካጣህ አማርኛን፣ እሱንም ካጣህ እንግሊዝኛን። የማሽኑ ሎኬል የኢትዮጵያ አማርኛ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከእሱ በላይ ይህ የቅደም ተከተል መስመር ይጨመራል። ሎኬሉ ጨርሶ ካልተሞላ መስመሩ አይሰማም፤ ልብ መባል ያለበት ይህ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ሐረሪ የሚያውቅ ሰው የኢንክስኬፕን ወይም የአንድ ትንሽ የጽሑፍ አርታኢን የትርጉም ፋይል ከፍቶ ሠላሳ ቃል እንኳ ቢሞላ፣ እነዚያ ሠላሳ ቃላት በመስኮቱ ላይ በሐረሪ ይታያሉ፤ ያልተሞላው በአማርኛ ይቀጥላል። ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ፣ በአንድ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ ሊደረግ ይችላል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው «ክፈት»ና «አስቀምጥ» የሚል ሜኑ ሲያዩ ኮምፒውተሩ የሌላ አገር ሰው ዕቃ ሆኖ አይታያቸውም። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

የዘመን አቆጣጠሩ ግን በቅንብር አይፈታም። የጂቲኬ የቀን መቁጠሪያ ሰሌዳ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ነው። ሎኬሉም ለወራት ስም አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ጳጉሜን የምታድርበት የላትም፤ የአማርኛው ፋይል «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» እያለ የሚቆጥረው ስለዚህ ነው። ሐረር ላይ ሂጅራውም ይጨመራል። በካርዱ ላይ ቀኑ በኢትዮጵያና በሂጅራ የገባው ልጅቱ አባትየውን ጠይቃ በእጇ ስለጻፈችው ነው። ለቢሮ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፉ የአገራችን ባለሙያዎች የራሳቸውን የቀን ሰሌዳ በጂቲኬ ላይ መሥራት አለባቸው፤ የኢትዮጵያን ዘመን የሚያሰላው አይሲዩ የተባለው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ስላለ ስሌቱን ከባዶ መጀመር አያስፈልጋቸውም።

የሐረሪ ሎኬል ከዚህ ሁሉ ይቀላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ገጽ የሆነ አንድ ፋይል ነው። የሰባቱ ቀናት ስም በሙሉና በአጭሩ፣ የወራቱ አጠራር፣ አዎና አይደለም፤ የብሩ ምልክት፣ የስልክ መለያውና የወረቀት መጠኑ ከአማርኛው ፋይል እንዳለ ይገለበጣል። ክርክር ሊነሣበት የሚችለው ጽሕፈቱ ነው። በግዕዝ ፊደል ይሁን ወይስ አባቶች በጻፉበት በዐረብኛ? ጂሊብሲ ለአንድ ቋንቋ ከአንድ በላይ ጽሕፈት ይፈቅዳል፤ ዋናው ፋይል በአንዱ ሆኖ ሁለተኛው ከስሙ ኋላ በሚጨመር ምልክት ይለያል። ስለዚህ የመንግሥት ሥራና ትምህርት ቤት የሚጠቀሙበት የፊደሉ ቀድሞ ይግባ፤ የዐረብኛው ኪታቦቹን የሚያነቡ ሰዎች ሲያዘጋጁት ይከተል። የቃላቱን አጻጻፍ የክልሉ የባህል ቢሮና የሐረሪ ቋንቋ መምህራን ቢስማሙበት፣ ፋይሉን በሥርዓቱ የሚጽፍ የኮምፒውተር ተማሪ ሐረማያ ላይ አይጠፋም። ጂሊብሲ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ እትም ያወጣል፤ የተቀበለው ሎኬል ከዚያ በኋላ ወደ ዴቢያን፣ ወደ ኡቡንቱና ወደ ሌሎቹ ሁሉ ከእትሙ ጋር አብሮ ይሄዳል።